ጭማሪው የት ገባ?

የ2018 ዓ.ም. የደመወዝ ጭማሪ በገባበት ወር፣ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ክበብ ውስጥ፣ ሻይ የሚጠጣው ሁሉ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ የባንኩን አጭር መልእክት ይጠብቅ ነበር። ከተቀጠረች ብዙም ያልቆየች ባለዲግሪ ባለሙያ መልእክቷን ደጋግማ አነበበችና ስልኩን አጠገቧ ለተቀመጡት የፋይናንስ ክፍል ባልደረባ አሳየች።

“እትዬ፣ ይኼ ነገር ተሳስቷል መሰለኝ። አሥራ አንድ ሺህ አምስት መቶ አልነበር እንዴ?”

ሴትየዋ መነጽራቸውን አድርገው አዩት። “አልተሳሳተም ልጄ። አሥራ አንድ ሺሁ ደብዳቤው ላይ ያለው ነው። እጅሽ የሚገባው ይኼ ነው።”

መልእክቱ ላይ የሰፈረው 8,595 ብር ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የደመወዝ ስኬል በመጀመሪያ ዲግሪ የሚቀጠር ጀማሪ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብር፣ 805 ብር ደግሞ 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ይነሳል። በቀድሞው ደመወዝ፣ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በተሻሻለው የግብር ምጣኔ ተሰልቶ፣ እጇ ይገባ የነበረው 5,566 ብር ገደማ ነው። ደብዳቤው 4,560 ብር ተጨመረልሽ ሲል እጇ የገባው ጭማሪ 3,029 ብር ሆኗል። ግብራችን ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር ምጣኔው የሚጨምር ነው፤ ስለዚህ አዲስ የተጨመረው ብር የሚያርፈው ሁልጊዜ ከፍተኛ ግብር በሚጣልበት እርከን ላይ ነው። እዚህ ላይ ከተጨመረው መቶ ብር ሠላሳ አራት ያህሉ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ይህን ሁሉ ቁጥር የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። አብዛኛው ሰው ጭማሪውን ማቀድ የሚጀምረው ሲነገር እንጂ ሲገባ አይደለም። ወሬው ነሐሴ ላይ ሲሰማ 4,560 ብሩ በሐሳብ ተከፋፍሎ አልቋል፦ ለቤት ኪራይ ይህን ያህል፣ ለእናት ይህን ያህል፣ ለልጅ ትምህርት ቤት ይህን ያህል። ገንዘቡ ሲመጣ 3,029 ነው። የጎደለው 1,531 ብር ከየት ይመጣል? ቁጠባ ተብሎ ከታሰበው ላይ ይነሳል፤ ወይም ከሰፈር ሱቅ ዱቤ ይጀመራል። ደመወዝ በጨመረ በሁለተኛው ወር ዱቤ የሚገባው ሰው አባካኝ ስለሆነ ላይሆን ይችላል። ያልተጣራውን ደመወዝ ይዞ ያቀደ ሰው ነው።

ሁለተኛ ስሌትም አለ፤ ይኼኛው ይበልጥ ያማል። የብር የውጭ ምንዛሪ ተመን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ቀደም በነበሩት ዓመታትም የዋጋ ንረቱ በዓመት ከ30 በመቶ በላይ የደረሰበት ጊዜ ነበር። ስለዚህ ከጭማሪው ከፊሉ ጭማሪ አይደለም፤ ባለፉት ዓመታት ገበያው ለወሰደው መተኪያ ነው። የፋይናንስ ክፍሏ ሴት ለልጅቷ የሰጧት የቤት ሥራ ይህንኑ የሚለይ ነበር። “ባለፈው ዓመት በዚህ ወር የገዛሽውን አስቤዛ፣ ታክሲውንም ኪራዩንም ጨምረሽ፣ ምንም ሳታሻሽይ ዛሬ ለመግዛት ስንት እንደሚፈጅብሽ ጻፊ።” ጽፋ መጣች። ከ3,029 ብሩ 1,500 ያህሉ ያንኑ የድሮ ኑሮ ለመኖር የሚያስፈልግ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ የተጨመረላት፣ ልትወስንበት የምትችለው ገንዘብ የቀረው ግማሽ ነው።

አንዳንዱ ይህን ሲያይ “ታዲያ ከዚህ ምን ይቆጠባል?” ብሎ ይተወዋል። እኔ ተቃራኒውን አምናለሁ። የሚወሰንበት ገንዘብ ትንሽ በሆነ መጠን፣ ስም ሳይሰጠው እጅ ውስጥ ከገባ የት እንደገባ ሳይታወቅ ያልቃል።

በየወሩ የሚመለስ ወጪ

ስለ ቁጠባ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚወቀሱት ትንንሾቹ ደስታዎች ናቸው፦ ማኪያቶው፣ የቅዳሜው ክትፎ፣ የበዓሉ ቀሚስ። ወቀሳው ቦታውን የሳተ ይመስለኛል። አንድ ቀን የተበላ ክትፎ በሚቀጥለው ወር ተመልሶ ክፈሉኝ አይልም። ቤተሰብን አንቆ የሚይዘው በየወሩ የሚመለሰው ወጪ ነው፦ የተሻለ ቤት ኪራይ፣ ውድ ትምህርት ቤት፣ የመኪና ወይም የዕቃ ብድር። ገቢ ባደገ ማግሥት እነዚህ ውስጥ መግባት ቀላል ነው፤ መውጣቱ ግን ከባድ ነው። አንድ አባት ልጁን ወደ ተሻለ የግል ትምህርት ቤት ካዛወረ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ክፍያው ሲጨምር “ተመለስ” ሊለው አይችልም። ልጁ ጓደኛ አፍርቷል፤ እናት ለጎረቤት ተናግራለች፤ መልሶ ማውጣት እንደ ውርደት ይቆጠራል።

አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጄምስ ዱሰንቤሪ እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው መጽሐፉ የሰው ወጪ በራሱ ገቢ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ባሉት ሰዎች አኗኗርም እንደሚወሰን፣ ገቢ ሲቀንስም ሰው አንዴ ከለመደው የኑሮ ደረጃ ቶሎ እንደማይወርድ አስረድቷል። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ለዚህ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልገውም። በአንድ ደረጃ ከሚወጡና ከሚወርዱ አሥር ቤተሰቦች አንዱ ሶፋ ሲቀይር ሌሎቹ ያያሉ፤ ሶፋው ሲወጣ መንገድ የሚለቁት እነሱ ናቸው።

ስለዚህ ገቢያቸው ያደገ ወዳጆቼ ምክር ሲጠይቁኝ የመጀመሪያውን ዓመት ጭማሪ አንድ ጊዜ ተከፍሎ በሚያልቅ ነገር ላይ እንዲያውሉት እለምናቸዋለሁ። ማቀዝቀዣ ግዙ። እናታችሁን ዓይናቸውን አሳክሙ። ልጆቹን ላሊበላ ወይም ሐዋሳ ውሰዷቸው። ዕዳ ካለ ዝጉ። አዲስ ወርሃዊ ግዴታ ግን ለአንድ ዓመት አትፈርሙ። ዓመቱ ሲያልቅ ጭማሪው ከዋጋው ጋር ታግሎ ስንት እንደተረፈ ይታወቃል፤ ያኔ ቤትም ትምህርት ቤትም መቀየር ይቻላል። ደስታን ከልክሎ የሚያስቆጥብ ዕቅድ ቤት ውስጥ ዕድሜ የለውም። ባል ይሰለቻል፣ ሚስት ትማረራለች፣ ልጆች ያጉረመርማሉ፤ በመጨረሻ የተቆጠበው ሁሉ በአንድ በዓል ይወጣል።

ቃሉ ከገንዘቡ ሲቀድም

ጭማሪን ስለ መቆጠብ ከማውቃቸው ጥናቶች አንዱ በልቤ ቀርቷል። ሪቻርድ ቴለር እና ሽሎሞ ቤናርዚ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ለሚሠሩና “ዛሬ ተጨማሪ ለመቆጠብ አልችልም” ላሉ ሠራተኞች ሌላ ሐሳብ አቀረቡላቸው፦ አሁን ምንም አትጨምሩ፤ ግን ደመወዛችሁ በጨመረ ቁጥር የጭማሪው ከፊል ወደ ቁጠባ እንዲሄድ ዛሬ ፈርሙ። ከተጠየቁት 78 በመቶው ፈረሙ። በ40 ወራት ውስጥ የቁጠባቸው መጠን ከደመወዛቸው 3.5 በመቶ ወደ 13.6 በመቶ አደገ። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ታተመ፤ ቴለር እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ሲያገኝ ከሚነሱለት ሥራዎች አንዱ ይህ ነበር።

ምክንያቱ ለማንም ግልጽ ነው። ከለመዱት ላይ መቀነስ ያማል፤ እጅ ካልገባ ላይ መተው ግን ብዙም አያምም። ዛሬ የማልወደውን ነገር ለነገው እኔ ማሸከም ይቀለኛል። ብዙ ጊዜ ይህ ድካማችን ዕዳ ውስጥ ያስገባናል፤ እዚህ ላይ ግን ያው ድካም ለቁጠባ ዋለ።

ይህን ለማድረግ የሚያስችል መሣሪያ በእጃችን አለ። በብዙ መሥሪያ ቤቶች የሠራተኞች የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አለ፤ አባሉ አንዴ ከፈረመ መዋጮው ከደመወዙ ላይ ይቆረጣል። ችግሩ አብዛኛው አባል ሲቀጠር የፈረመው መጠን ደመወዙ ሦስት ጊዜ ካደገም በኋላ ያው መሆኑ ነው። ማኅበራቱ የአባልነት ቅጻቸው ላይ “ደመወዜ ሲጨምር ከጭማሪው ይህን ያህል በመቶ ይታከል” የሚል አንድ መስመር ቢጨምሩ ትልቅ ሥራ የሚሠሩ ይመስለኛል። እስከዚያ ድረስ ሠራተኛው ራሱ፣ ጭማሪው ከመግባቱ በፊት ባለው ሳምንት፣ ፋይናንስ ክፍል ሄዶ መዋጮውን ማስተካከል ይችላል። ከገባ በኋላ ያለው ሳምንት ግን የመርካቶ ነው።

እሑድ፣ የእቁብ ቀን

ከቅዳሴ መልስ፣ በአንድ የኮንዶሚኒየም ግቢ ምድር ቤት፣ ሃያ አራት አባላት ያሉት ወርሃዊ እቁብ ተሰብስቧል። ሙሉ እጣ 3,000 ብር ነው፤ የደረሰው 72,000 ብር ይወስዳል። ጸሐፊው ደብተሩን ዘርግቶ ስም ይጠራል፤ የከፈለው ስሙ አጠገብ ምልክት ይደረግለታል። እጣው ሳይወጣ አንድ ወጣት ሹፌር እጁን አነሳ።

“ጋሼ፣ እስካሁን ከአማቼ ጋር ግማሽ እጣ ነበርኩ። ይኼኛው ዙር አልቆ አዲሱ ሲጀመር ሙሉ ልሁን።”

ሰብሳቢው ወዲያው እሺ አላሉም። “ሥራ ቀየርክ?”

“አልቀየርኩም፤ ደመወዝ ተጨመረልኝ።”

“ጭማሪው ስንት ወር ሆነው?”

“ሁለት።”

“እንግዲያው ዙሩ እስኪያልቅ ሦስት ወር አለህ። ሦስቱን ወር አንድ ሺህ አምስት መቶውን ለብቻው አስቀምጠህ አሳየኝ። ከቻልክ ሙሉ ትሆናለህ። ዋስህም ከአሁኑ ይታወቅ።”

ይህ አነጋገር ማንኛውም የባንክ ብድር መርማሪ ሊማርበት የሚገባ ነው። ሰብሳቢው የሰውየውን ደመወዝ አልጠየቁም፤ ከደመወዙ ላይ ማስቀረት መቻሉን ነው ማየት የፈለጉት። እቁብ ለዘመናት የኖረው በዚህ ነው፦ የማይከፍል ሰው የሚያፍረው ከሚያውቁት ሰዎች ፊት ነው። ለራሱ ብቻ የገባውን ቃል የሚያፈርስ ሰው፣ ለሃያ ሦስት ጎረቤት የገባውን አያፈርስም።

ግን እቁብ ውስጥም የዋጋ ንረቱ አለ፤ እጣው በወጣ ቁጥር የሚነሳው ጭብጨባ ይህን ይሸፍነዋል። በመጀመሪያው ወር የደረሰው ሰው ያለ ወለድ የተበደረ ነው። መጨረሻ የደረሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ለሌሎች ያበደረ ነው። ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ቢጨምር፣ መጨረሻው ሰው የሚወስደው 72,000 ብር መጀመሪያ ላይ 54,000 ብር ገደማ ይገዛ የነበረውን ነው የሚገዛለት። አንዳንድ እቁብ ውስጥ ቀደም ብሎ የደረሰው እጣውን ለቸገረው ወይም ለቸኮለው ሸጦ ትርፍ ያገኛል፤ ያ ዋጋ የጊዜን ዋጋ የሚያሳይ ነው። ስለዚህ እቁብን ለማን እንደሚመክሩት ማወቅ ያስፈልጋል። እጣው እንደደረሰ የሚገዛውን ዕቃ ለይቶ ለሚያውቅ፣ ለምሳሌ ስፌት መኪና ወይም የሱቅ ዕቃ፣ እቁብ ድንቅ ነው። ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ግን አይሆንም፤ በሽታ እጣ እስኪወጣ አይጠብቅም። ጥሩ ሰብሳቢዎች ሕመምና ሐዘን ለገጠመው ሰው ተራ ያስቀድሙለታል፤ ያም ሆኖ በዚህ ላይ መተማመን አይቻልም።

ብሩ የት ይቀመጥ?

ወደ ባንኩ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ብሔራዊ ባንክ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ አድርጓል። ዋጋ በ30 በመቶ በሚጨምርበት ዓመት 10,000 ብር ያስቀመጠ ሰው በዓመቱ 10,700 ብር ያገኛል፤ በ10,000 ይገዛው የነበረው ዕቃ ግን 13,000 ብር ሆኖ ይጠብቀዋል። “ቁጠባ ሞኝነት ነው፤ ብር ሳይረክስ ዕቃ ግዛበት” የሚለው አባባል የመጣው ከዚህ ነው፤ የሚሉትም ሰዎች ሞኞች አይደሉም።

እኔ ግን የሦስት ወር ወጪ የሚሸፍን ገንዘብ፣ ዋጋው እየቀነሰም ቢሆን፣ ባንክ ይቀመጥ እላለሁ። ይህ ገንዘብ እንዲያድግ የሚቀመጥ አይደለም፤ ሰው ታሞ ሌሊት ሆስፒታል ደጃፍ ሲቆም ከአራጣ አበዳሪ እንዳይደርስ የሚያደርገው ነው። የሚከስመውን ዋጋ ለዚያ ሌሊት እንደተከፈለ መድን መቁጠር ይገባል። ዕድር ለሞት ያዘጋጀናል፤ ለበሽታና ለሥራ ማጣት ግን እያንዳንዱ ቤት ለራሱ ነው።

ከዚያ በላይ የሆነው ገንዘብ ነው ሌላ ቦታ የሚፈልገው፤ እዚህ ላይ አማራጩ ገና ጠባብ ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሥራ መጀመሩ በይፋ ተበሰረ። ኢትዮ ቴሌኮም ከድርሻው 10 በመቶውን ለሕዝብ ለመሸጥ 100 ሚሊዮን አክሲዮን በ300 ብር ቢያቀርብም እስከ የካቲት 2017 የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው፤ ገዢዎቹ ከ47 ሺህ በላይ ነበሩ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። ይህ የዛሬው ባለዲግሪ ጀማሪ በወር እጁ ከሚገባው ይበልጣል። አክሲዮን ለደመወዝተኛ እንዲሆን ከተፈለገ በየወሩ በትንሽ በትንሹ የሚገዛበት መንገድ መኖር አለበት። የቤት ቁጠባውም ትምህርት ሆኖናል። በ1997 እና በ2005 ዓ.ም. ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው በየወሩ ከቆጠቡት መካከል እጣ የወጣላቸው ሰዎች ትንሹ ወርሃዊ ቁጠባ ወደ ቤት ተለውጦላቸዋል፤ ያልወጣላቸው ደግሞ ያንኑ ያህል ታማኝ ሆነው ቆጥበው ገንዘባቸው ሲያንስ ተመልክተዋል። ሁለቱም እኩል ቆጥበዋል፤ ልዩነቱን ያመጣው ዕድልና ጊዜ ነው። ስለዚህ ሁሉን ወደ አንድ ቦታ መክተት አልመክርም።

ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጭማሪ

ያለ ምንም የደመወዝ ጭማሪ ገቢያቸው በአንድ ወር ያደገ ቤተሰቦች አሉ። ልጃቸው ወይም እህታቸው ዱባይ፣ አቡዳቢ፣ ሪያድ የምትሠራላቸው ናቸው። የዱባይና የአቡዳቢ ገንዘብ የሆነው ድርሃም ከዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ነው። በባንክ በኩል ሲላክ 15 ሺህ ብር ከፍ ይል የነበረው 1,000 ድርሃም፣ ምንዛሪው ከተለቀቀ በኋላ ዶላር 110 ብር ሲገባ ወደ 30 ሺህ ብር ተጠጋ። በትይዩ ገበያው ይላክላቸው ለነበሩት ለውጡ ይህን ያህል አይደለም፤ በባንክ ለሚላክላቸው ግን ገቢያቸው እጥፍ ሊሆን ተቃረበ።

ገንዘቡን የምትልከው ልጅ ግን የምትሠራው ሰዓት አልቀነሰም፤ ደመወዟም አልጨመረም። እዚህ ያለው ቤተሰብ ግን ጭማሪ አግኝቷል። ይህ ጭማሪ የማን ነው? ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ወንድሙ ሞተር ሳይክል ሲገዛ፣ ቤቱ አዲስ ቆርቆሮ ሲለብስ፣ ድግሱ ሲሰፋ ታይቷል። ብዙ ጊዜ የሚሰማው ታሪክ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፦ ልጅቷ ስትመለስ በስሟ የተቀመጠ ምንም የለም። ማንም ሌባ አይደለም፤ ሁሉም በእርሷ ስም ኖረዋል እንጂ።

ለወላጅ መላክን ወጪ ብሎ የሚሰርዝ ምክር ሰምቼ አልቀበልም። እኛን ካሳደጉ ሰዎች ብዙዎቹ ጡረታ የላቸውም፤ ጡረታቸው እኛ ነን። ነገር ግን ወር በገባ ቁጥር በስልክ ጥሪ የሚወሰን እርዳታ ላኪውንም ተቀባዩንም ይጎዳል። መጠኑ የታወቀ፣ ቀኑ የታወቀ፣ ዋጋ ሲጨምር በዓመት አንዴ የሚስተካከል ሲሆን እናትም ማቀድ ትችላለች።

አቡዳቢ በቤት ሠራተኝነት አራት ዓመት የቆየች አንዲት የወሎ ልጅ ያደረገችው ይህንኑ ነው። ምንዛሪው ሲለወጥ ወደ ደሴ ደውላ፣ ቤተሰቧ በብር የሚደርሰው ገንዘብ ከቀድሞው በአንድ ሦስተኛ እንዲጨምር፣ የቀረው በራሷ ስም በተከፈተ ሂሳብ እንዲቀመጥ አደረገች።

“እማዬ፣ ዋጋው ስለተወደደ ጨምሬያለሁ። የቀረው ግን የእኔ ነው፤ ለማንም እንዳታበድሪው።”

“እኔስ እሺ ልጄ፣ ወንድምሽን ምን ልበለው?”

“እሱን ለእኔ ተይው።”

ወንድሟ ሁለት ወር አኮረፈ፤ ከዚያ ደውሎ ባጃጅ ለመግዛት መነሻ እንድታበድረው ጠየቃት። እሷም በየወሩ የሚከፍለውን መጠን ጽፎ፣ አጎታቸውን ዋስ አድርጎ እንዲልክላት ነገረችው። ውሏ በሚቀጥለው ዓመት ይታደሳል። ደመወዟ ከጨመረ የጭማሪው ግማሽ ወደዚያው ሂሳብ እንደሚገባ ለእናቷ ከአሁኑ ነግራታለች።